የኢሜይል ማጣሪያዎች ዕድሳትና የጋምቤላ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ

ጋምቤላ፦ የባሮ ወንዝ በጋምቤላ ከተማ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊሞላ ይችላል። ውኃው የሚሰበሰበው ከላይ፣ ብርብርና ገባ ተገናኝተው ባሮን ከሚፈጥሩበት የኢሉባቦርና የወለጋ ደጋማ አካባቢ ነው። በመሆኑም በኢታንግ፣ በላሬ፣ በጂካዎ ወይም በመኮይ የሚኖር አርሶ አደር የራሱን ሰማይ አይቶ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ከሩቅ የሚመጣ መረጃ ይነግረዋል። በ2014 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ ባሮ ሞልቶ የክልሉን ዋና ከተማ ሰፈሮችና በርካታ ወረዳዎችን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ከብትን ወደ ከፍታ ለማሸሽና በወንዙ ዳር ያለውን በቆሎ ለመሰብሰብ የአንድ ቀን ቅድሚያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታይቷል።

ይህ መረጃ የሚጓዝበት መንገድ ረጅም ነው። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይነሳል፤ በክልልና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች በኩል ያልፋል፤ ቀበሌ ሲደርስ የሰው ድምፅ፣ ስልክ ወይም ሬዲዮ ይሆናል። በመንገዱ ላይኛው ክፍል፣ ተቋም ከተቋም በሚጻጻፍበት ቦታ፣ ኢሜይል አለ። ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ስላስጠለለ፣ በጋምቤላ ከተማ የሚሠሩት የመንግሥት ቢሮዎች፣ የረድኤት ድርጅቶችና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ቁጥር ለከተማዋ ስፋት ብዙ ነው፤ የሚለዋወጡት ኢሜይልም እንዲሁ። አርሶ አደሩ ኢሜይል ላይከፍት ይችላል። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ተልኮለት ያልደረሰው መሥሪያ ቤት ግን ወደ ቀበሌው የሚደውልበት ምክንያት አይኖረውም።

በእያንዳንዱ የኢሜይል ሰርቨር ደጃፍ ላይ አንድ ዘበኛ አለ። በዓለም ላይ ከሚላከው ኢሜይል ግማሽ ገደማው በተለምዶ ስፓም የሚባለው፣ ተቀባዩ ያልጠየቀው የማስታወቂያ ወይም የማጭበርበሪያ መልእክት እንደሆነ ይገመታል። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ስፓም የሚነሳው ሕጉ ከማይደርስበት አገር ነው። ስለዚህ በተግባር የሚከላከለው ዳኛ ሳይሆን ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያው የሚሠራው በነጥብ ነው። በዓለም ዙሪያ በተለይ አቅማቸው ውስን በሆኑ ተቋማት ዘንድ ከታወቁት ማጣሪያዎች አንዱ፣ ያለክፍያ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለው ስፓም አሳሲን ነው። እያንዳንዱን ገቢ ኢሜይል በመቶዎች በሚቆጠሩ ደንቦች ይመረምራል። የላኪው አድራሻ አጠራጣሪ ከሆነ ነጥብ ይጨምራል፤ ርእሱ በሙሉ የጩኸት ፊደል ከሆነ ይጨምራል፤ ቀኑ ከተዛባ ይጨምራል። በተለመደው አደረጃጀት ድምሩ 5 ከደረሰ መልእክቱ ስፓም ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። አጭበርባሪዎች ስልታቸውን በየሳምንቱ ስለሚለውጡ ደንቦቹም አብረው መለወጥ አለባቸው። ለዚህ ሲባል ማጣሪያው አዲስ ደንብ በየዕለቱ ከኢንተርኔት የሚያመጣበት አውቶማቲክ የዕድሳት መሣሪያ ተሠርቶለታል። አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚረሳውም በዚህ ምክንያት ነው፤ «ራሱን ያድሳል» ይባላል።

ደንብ ሲያረጅ የሚሆነው ነገር በታኅሣሥ 23 ቀን 2002 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ የ2010 የመጀመሪያ ቀን፣ በግልጽ ታይቷል። ስፓም አሳሲን ውስጥ ቀናቸው ሩቅ ወደፊት የሆነ መልእክቶችን የሚይዝ ደንብ ነበር። ደንቡ ሲጻፍ «ከ2010 ጀምሮ ያለ ማንኛውም ዓመት ገና ሩቅ ነው» በሚል ስሌት ስለነበር፣ ዓመቱ በእርግጥ ሲገባ በዚያ ቀን የተጻፈ ጤነኛ ደብዳቤ ሁሉ እንደ አደረጃጀቱ ከ2 እስከ 3 ተኩል ነጥብ ይታከልበት ጀመር። ሌላ ጥቃቅን ጥርጣሬ ያለበት መልእክት በቀላሉ 5 ይሞላል፤ ወደ ስፓም ማኅደርም ይገባል። የሚያስገርመው ስሕተቱ አስቀድሞ ታውቆ በፕሮግራሙ አዲስ ሥራ ውስጥ ተስተካክሎ የነበረ መሆኑ ነው። ማስተካከያው በዕድሳቱ መንገድ ለተጠቃሚዎች የተለቀቀው ግን በዚያው ዕለት ነው። ዕድሳታቸው የሚሠራላቸው ሰርቨሮች በአንድ ቀን ውስጥ ተፈወሱ። ዕድሳታቸው ቆሞ የነበሩት ግን ጤነኛ ደብዳቤዎችን መቅጣታቸውን ቀጠሉ፤ ችግሩን ያወቁትም ደብዳቤ የቀረባቸው ሰዎች ሲጠይቁ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ብልሽት አስቸጋሪነት ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በተፈቀደ ጊዜ፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። መርከብ ሲቀር ግን ባዶው ወደብ ይናገራል። ደንብ ያልመጣለት ማጣሪያ ከውጭ ሲታይ ከታደሰው አይለይም፤ መብራቱ በርቷል፤ ደብዳቤ ይገባል፤ ደብዳቤ ይወጣል።

የዕድሳቱ ሰንሰለት የሚበጠስባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በጋምቤላና መሰል ከተሞች ካለው ሁኔታ ጋር ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ሥራው ጨርሶ አለመጀመሩ ነው። በአንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ በደቢያን የቆዩ እትሞች፣ ማጣሪያው ሲጫን ዕለታዊ ዕድሳቱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ባለሙያው በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ያለውን 0 ወደ 1 መለወጥ አለበት። ይህን ያላደረገ ሰርቨር ከተጫነበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልታደሰም ማለት ነው። በርቶ እንኳ ቢሆን ሥራው ብዙውን ጊዜ ለሌሊት ይቀጠራል። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ የክፍሉን ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት መብራት ከጠፋ፣ ቀጠሮው ያልፋል። ተራው የሊኑክስ ሰዓት ጠባቂ ያለፈውን ቀጠሮ ጠዋት አስታውሶ አይሠራም፤ እስከ ቀጣዩ ሌሊት ይጠብቃል፤ ያኔም መብራቱ ጠፍቷል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ቀጠሮውን ወደ ሥራ ሰዓት፣ ለምሳሌ ወደ ረፋዱ 4 ሰዓት ማዛወር በቂ ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። መሣሪያው አዲስ ደንብ መኖሩን የሚጠይቀው የኢንተርኔት ስም ማውጫ በሆነው በዲኤንኤስ በኩል ነው፤ የወቅቱን የደንብ ቁጥር ተቀብሎ ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ከበለጠ ከመስታወት ሰርቨሮች ያወርዳል። ዲኤንኤሱ ካልመለሰ ወይም የመሥሪያ ቤቱ የእሳት ግድግዳ መንገዱን ከዘጋ ማውረዱ አይደርስም። ረጅም የግንኙነት መቋረጥም አለ። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም በመላ አገሪቱ የተቋረጠው የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆይቷል። አገልግሎቱ ሲመለስ በየሰርቨሩ ደጃፍ የተጠራቀመው ኢሜይል በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ማጣሪያው የሚቀበለው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት በነበረው ዕውቀቱ ነው። ግንኙነት እንደተመለሰ መጀመሪያ ዕድሳቱን በእጅ ማስነሳት፣ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን መልቀቅ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። የስፓም አሳሲን አዘጋጆች ከየካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ደንቦቹን ኤስኤችኤ-1 በተባለው የቆየ ማረጋገጫ ማተም እንደሚያቆሙ አስቀድመው አስታውቀው ነበር። ከ3.4.2 በታች የሆነ እትም የሚጠቀም ሰርቨር ከዚያ ቀን ወዲህ የወጣውን ደንብ ማረጋገጥ ስለማይችል፣ የመጨረሻው ባገኘው ደንብ ላይ ይቀራል። ዕድሳቱ በየዕለቱ እየሞከረ፣ በየዕለቱ እየወደቀ፣ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ ዕድሳቱን መጠገን ዋጋ የለውም፤ ፕሮግራሙ ራሱ መተካት አለበት።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጥ ባለሙያውን የሚያታልለው ነው። አዲሱ ደንብ ወርዶ፣ ተመርምሮ፣ በዲስኩ ላይ በትክክል ሊቀመጥ ይችላል። ማጣሪያው ግን የሚሠራው ሲነሳ ወደ ማስታወሻው በጫነው ደንብ ነው፤ ካልተቀሰቀሰ አዲሱን አያነበውም። ባለሙያው የፋይሎቹን ቀን አይቶ «ትናንት ታድሷል» ይላል፤ ዘበኛው ግን የባለፈውን ወር መመሪያ ይዞ ቆሟል። ከዕድሳቱ ቀጥሎ አገልግሎቱን ዳግም የሚያስነሳ አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

የዕድሳት መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ የሚተወው ቁጥርም በትክክል መነበብ አለበት። 0 ማለት አዲስ ደንብ መጥቶ ተጭኗል ማለት ነው። 1 ማለት አዲስ ነገር የለም ማለት ነው፤ ስሕተት አይደለም። 4 እና ከዚያ በላይ ግን ብልሽት ነው። 1ን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በየማለዳው የሚደነግጥ ባለሙያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማንበቡን ይተዋል፤ 4 የመጣ ዕለትም አያየውም። በሌላ በኩል 1 ሁልጊዜ ደኅንነት ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስፓም አሳሲን ደንብ ማዘጋጃ ሰርቨሮች በገጠማቸው ችግር ለወራት አዲስ ደንብ አልወጣም ነበር። በዚያ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰርቨሮች በየሌሊቱ 1 እያሉ፣ በራሳቸው በኩል ምንም ሳይበላሽ፣ ደንባቸው አርጅቷል። የመጨረሻው 0 የተመዘገበው መቼ እንደሆነ ማየት ከዛሬው ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

በኢትዮጵያ የሚያጋጥም አንድ ችግርም አለ። የአገሪቱ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት የሚለውን ኮምፒዩተር 8 ሰዓት ይለዋል። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ይህን «ስሕተት» ለማረም የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢመልሰው፣ የሰዓት ክልሉ ግን አዲስ አበባ እንደሆነ ከቀረ፣ ከዚያ ኮምፒዩተር በኢሜይል ፕሮግራም የሚላክ ደብዳቤ ከተቀበለው ሰርቨር ሰዓት አንጻር 6 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ይሆናል። ስፓም አሳሲን ደግሞ ሰዓታት ወደኋላ የቀረ ቀን ያለበትን ኢሜይል የሚቀጡ ደንቦች አሉት፤ ከ96 ሰዓት በላይ ያረጀውን ለብቻው የሚይዝም አለው። ዓመቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የለወጠ ኮምፒዩተር ከ7 እስከ 8 ዓመት ያረጀ ደብዳቤ ይልካል። ይህኛው ድረ ገጾችን ለመክፈት ስለሚያስቸግር ቶሎ ይታወቃል፤ የ6 ሰዓቱ ግን ሌላ ምንም ምልክት ስለማያሳይ ረጅም ጊዜ ተደብቆ ይኖራል። ሰዓቱ የተዛባው ራሱ ሰርቨሩ ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ በትክክለኛው ሰዓት የመጣውን የሌላውን ሰው ደብዳቤ ሁሉ ከወደፊት እንደመጣ ይቆጥረዋል፤ የአዲስ ደንቦችን ዲጂታል ፊርማ ሲመረምርም ገና ባልደረሰ ቀን የተፈረመ ሆኖ ይታየዋል። ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን አገልግሎት ማብራት፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ደግሞ በግድግዳ ሰዓትና በቀን መቁጠሪያ ላይ መተው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሲነገር «እንግዲያው ሁሉም ነገር ያለማቋረጥ ይታደስ» የሚል መደምደሚያ የሚቀርብ ይመስላል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 7 ቀን 2002 ዓ.ም፣ ከስፓም አሳሲኑ የቀን ስሕተት ከሦስት ወራት ተኩል በኋላ፣ በኢሜይል ሰርቨሮች ላይ ቫይረስ የሚፈልገው ክላም ኤቪ የተባለው ፕሮግራም አዘጋጆች 0.94 እና ከዚያ በታች የሆኑ የቆዩ እትሞችን ሆን ብሎ የሚያስቆም ዕድሳት ለቀቁ። ቀደም ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ያላነበቡ ተቋማት ግን ጠዋት ሲነሱ ኢሜይላቸው ቆሞ አገኙት። በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የለቀቀው አንድ የተሳሳተ አውቶማቲክ ዕድሳት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን አስቁሞ በብዙ አገሮች በረራዎችን፣ ባንኮችንና ሆስፒታሎችን አስተጓጉሏል። ዕድሳት ሲቀር ማጣሪያው ቀስ በቀስ ይታወራል፤ የተበላሸ ዕድሳት ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ሁለቱንም የሚያየው ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚሆነው በየመሥሪያ ቤቱ ይህን የማየት ኃላፊነት በማን ስም ላይ እንደተጻፈ ነው። በሥራ መዘርዝር ውስጥ ያልተጻፈ ኃላፊነት ባለሙያው በተዛወረ ዕለት አብሮት ይዛወራል።

ከውጭ የሚመጣ ዕድሳት ጨርሶ የማያመጣው ዕውቀትም አለ። ደንቦቹ በአብዛኛው የሚዘጋጁት በእንግሊዝኛ ስፓም ላይ ተመሥርተው ነው። በአማርኛ የተጻፈ «ዕጣ ደርሶዎታል» የሚል ማጭበርበሪያ፣ ወይም ለአንድ ዩኒየን ሒሳብ ሹም «የአቅራቢው የባንክ ቁጥር ተቀይሯል» ብሎ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ በእነዚያ ደንቦች ዓይን ነጭ ወረቀት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በማጣሪያው ውስጥ ያለው የመማር ችሎታ ነው። ተቋሙ ራሱ የተቀበላቸውን ቢያንስ 200 ጤነኛና 200 መጥፎ ኢሜይሎች ለይቶ ሲያስተምረው ማጣሪያው ከዚያ በኋላ በራሱ መመዘን ይጀምራል። በጋምቤላ ይህ ሥራ ከሌላው ቦታ ይበልጣል፤ ደብዳቤዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በኑዌርኛና በአኝዋክኛም ይጻፋሉ። እነዚህን ቋንቋዎች ለማጣሪያው የሚያስተምር ባለሙያ በካሊፎርኒያ አይገኝም።

የራሳቸው ሰርቨር የሌላቸውና በጂሜይል የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ይህ ጣጣ አይመለከታቸውም፤ ማጣሪያውን ጉግል ያድስላቸዋል። የእነርሱ ጣጣ ሌላ ነው። አድራሻው የተከፈተው በአንድ ሠራተኛ ስም ከሆነ ሠራተኛው ሲለቅ የመሥሪያ ቤቱ የዓመታት ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ከሁለቱ መካከል ያለው አማካይ መንገድ፣ እያንዳንዱ ቢሮ ጠባቂ የሌለው ሰርቨር ከሚያቆም፣ የክልሉ ቢሮዎች በአንድ የጋራ የኢሜይል አገልግሎት ሥር ሆነው ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዲጠብቁት ማድረግ ነው። ሁለት የሚባለው አንዱ ዕረፍት ሲወጣ ሌላው እንዲኖር ነው። ለአገር አቀፍ የሳይበር ጥቃቶች ምላሽ የሚሰጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በየዓመቱ በጥቅምት የሚያካሂደው የሳይበር ደኅንነት ወር ለሥልጠናው መልካም አጋጣሚ ነው፤ ለጎርፉ ግን ጥቅምት ዘግይቷል።

የጎርፉ ወቅት የራሱ ቀጠሮ አለው፤ ዝግጅቱ ከግንቦት ማለፍ የለበትም። ማስጠንቀቂያ የሚልኩ ተቋማት አድራሻዎች በማጣሪያው የታመኑ ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ መግባታቸው ይረጋገጥ፤ አጭበርባሪ በስማቸው እንዳይገባ የላኪው ሰርቨር ማረጋገጫም አብሮ ይታይ። ማጣሪያው የጠረጠረውን እንዳያጠፋ፣ ይልቁንም በተለየ ማኅደር እንዲያቆይ ይደረግ፤ ማኅደሩን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚከፍት ሰው ይመደብ። የዕድሳቱ የመጨረሻ 0 መቼ እንደነበር ይታይ፤ አገልግሎቱ ከዚያ ወዲህ ዳግም መነሳቱም እንዲሁ። ከዚያ ማጣሪያው መንቃቱን ለማወቅ ሁለት ደብዳቤዎች ከውጭ ይላኩ። አንደኛው ጂቲዩብ የሚባለውን፣ ለዚሁ ፍተሻ ተብሎ የተዘጋጀውንና ማንንም የማይጎዳውን የስፓም መሞከሪያ ጽሑፍ የያዘ ይሁን፤ መያዝ አለበት። ሁለተኛው ተራ የዝናብ መግለጫ ይሁን፤ ማለፍ አለበት። ሁለተኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ በወረዳው የአደጋ ሥራ አመራር ባለሙያ ዘንድ ካልታየ፣ የት እንደቀረ ለመፈለግ ባሮ እስኪሞላ ጥቂት ሳምንታት ይኖራሉ።